ግሥላው ከሥዕል ወደ ሲኒማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ክበባችን እንዲናገር በተፈቀደለት ጊዜ ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም የምንናገር የመሰላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እነዚህን ታላላቅ ጉዳዮች ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ ስለሚያነሡአቸው፣ እኛ ለብዙ ዓመታት የወደድነውንና የተከታተልነውን ነገር መርጠናል። ይኸውም በልማድ ኮሚክ የሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ወደ ሲኒማ በሚለወጥበት ጊዜ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጐድል ነው። ለምሳሌም የምንወስደው ብላክ ፓንተር የተባለውን ፊልም ነው። በአማርኛችን ጥቁሩን ነብር ግሥላ ስለምንለው፣ እኛም ጀግናውን በዚሁ ስም ብንጠራው ቅር አትሰኙም ብለን እናስባለን።

የሥዕል ታሪክ ማለት ታሪኩ በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት መጽሐፍ ነው። የሰዎቹ ንግግር ከአፋቸው አጠገብ በተሣለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍለው በሸራ ላይ የሚሥሉትን የአገራችንን ሠዓልያን ያስታውስ። ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ልጅዋ ምኒልክ ሲወለድ፣ አድጎም አባቱን ለማየት ሲሄድ በየሣጥኑ ተሥሎ ይታያል። ማንበብ ያልተማረ ሰው እንኳ ዓይኑን ከሣጥን ወደ ሣጥን እያሻገረ ታሪኩን ይከተለዋል።

በአሜሪካ አገር ይህ ዓይነት መጽሐፍ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማን ከታተመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰው በላይ ኃይል የተሰጣቸው፣ ዛሬ ልዕለ ኃያል የሚባሉት ጀግኖች በዙ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ጀግኖቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ። ጥቁር ሰው በሥዕሉ ውስጥ የሚገኝ ቢሆን አንድም አገልጋይ፣ አንድም በጫካ ውስጥ የሚጮህ አረመኔ ሆኖ ነበር የሚሣለው።

ይህ ልማድ የተሰበረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1966፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ነው። ስታን ሊ የተባለው ደራሲና ጃክ ከርቢ የተባለው ሠዓሊ ፋንታስቲክ ፎር በተባለው መጽሔት በ52ኛው ቍጥር ላይ ትቻላ የተባለውን የአፍሪካ ንጉሥ አቀረቡ። አገሩ ዋካንዳ ይባላል፤ በካርታ ላይ የሌለ፣ በሐሳብ የተፈጠረ አገር ነው። ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ምክንያት ቪብራኒየም የተባለ ብርቅ ማዕድን ስላለው በጥበብ ከዓለም ሁሉ የላቀ ነው። ንጉሡ ነጮቹን ጀግኖች ወደ አገሩ ይጋብዛቸውና አንድ በአንድ ያጠምዳቸዋል። በዚያ ዘመን አንድ አፍሪካዊ በብልሃትም በመሣሪያም ነጮቹን ሲበልጥ መሣሉ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በብዙ እጆች አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ዶን ማክግሬጎር የተባለው ደራሲ ጀንግል አክሽን በሚባለው መጽሔት ታሪኩን ሙሉ በሙሉ በዋካንዳ ውስጥ አደረገው። ከሠዓሊዎቹም አንዱ ቢሊ ግራሃም የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ኪልሞንገር የተባለው ብርቱ ጠላት የተፈጠረው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሬጂናልድ ሃድሊን የቀጠለውና የንጉሡን እኅት ሹሪን የጨመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ታ-ነሂሲ ኮትስ ከሠዓሊው ከብራያን ስቴልፍሪዝ ጋር ያሳተመው ሁሉ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። እኛ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ የደረሱንን ገጾች፣ አንዳንዴም መካከላቸው የጐደለውን፣ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እየተረዳን ያነበብነው እነዚህን ነው።

የግሥላው ታሪክ በሲኒማ ራሱን ችሎ የወጣው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። አዘጋጁ ራያን ኩግለር፣ ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የኦስካር ሽልማት ለሰባት ሽልማት ታጭቶ ሦስቱን፣ ማለት የልብስ፣ የትዕይንት ቦታ ዝግጅትና የሙዚቃውን፣ አገኘ። ከልዕለ ኃያል ፊልሞች ለዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያው ነው። ቦስማን በሽታውን ለሕዝብ ሳይገልጥ ሲሠራ ቆይቶ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ በአንጀት ነቀርሳ አረፈ።

እንግዲህ አንድን መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ የወደደ አንባቢ በፊልም ተለውጦ ሊያየው ሲቀመጥ ልቡ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን የሚወደው ሰው በሥጋ ተነሥቶ ሊሄድ፣ ሊናገር ነውና ደስ ይለዋል። በሌላ ወገን ግን በልቡ ያኖረው ድምፅና አረማመድ ከዚያ ይለይ ይሆን ብሎ ይሰጋል። እንዲህ ያለው አንባቢ እንደ ገንዘብ ቈጣሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ይህ ጐድሏል፣ ይህ ተለውጧል፣ ይህ በቦታው የለም እያለ ይቈጥራል። እኛም ቈጥረናል። የቈጠርነውንም በሦስት ከፍለን እናቀርብላችኋለን።

መጀመሪያ፣ ተለውጦ የተሻለውን እንናገር። በመጽሐፉ ኤምባኩ የተባለ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሲፈጠር ነጭ የዝንጀሮ ቆዳ ለብሶ የሚዋጋ፣ ስሙም ሰው-ጦጣ የሚባል ጠላት ነበር። አንድን ጥቁር ሰው በዚህ ስም መጥራት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ፊልሙ ይህን ስም ጨርሶ ጣለው። ኤምባኩን በበረዶ ተራራ ላይ የሚኖር፣ የአባቶቹን ሥርዓት የሚጠብቅ፣ ኵሩና ቀልደኛ የሕዝብ አለቃ አደረገው። እንግዶቹን ለልጆቼ ቀለብ አደርጋችኋለሁ ብሎ ካስፈራራቸው በኋላ፣ እኛ እኮ ሥጋ አንበላም ብሎ ሲሥቅ፣ አፍሪካዊን ሰው በላ አድርጎ የሣለውን የድሮ ልማድ ሁሉ በአንድ ቃል ቀለደበት።

እንዲሁም ዶራ ሚላጅ የተባሉት የንጉሡ ሴት ወታደሮች በክሪስቶፈር ፕሪስት መጽሐፍ ለንጉሡ በሚስትነት የታጩ ተብለው ነበር የቀረቡት። በፊልሙ ግን የጦር ሠራዊት ናቸው። አለቃቸው ኦኮዬ ጄኔራል ናት፤ የምትታዘዘውም ለወደደችው ሰው ሳይሆን ለአገርዋ ዙፋን ነው። የምትወደው ሰው በጦር ሜዳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ የእኔ ፍቅር ትገድይኛለሽን ብሎ ሲጠይቃት፣ ስለ ዋካንዳ ምን ጥያቄ አለው ብላ ትመልሳለች። ይህን ጊዜ በክበባችን ያሉት ሴቶች እኅቶቻችን ያጨበጨቡትን ጭብጨባ ወንዶቹ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ኪልሞንገርም ተለውጧል። በመጽሐፉ ለዙፋን የሚዋጋ ጨካኝ ነው። ፊልሙ የንጉሡ የአጎት ልጅ አደረገው። አባቱ በገዛ ወንድሙ እጅ ተገድሎ በአሜሪካ አገር ብቻውን የቀረ ሕፃን ነበር። ስለዚህ ወደ ዋካንዳ ሲመጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሀብትና ጥበብ እያላችሁ በዓለም ላይ ያሉ ወንድሞቻችሁ ሲሠቃዩ ስለምን ዝም አላችሁ ነው የሚለው። መልሱ ክፉ ነው፤ ጥያቄው ግን እውነት ነው። ንጉሡም በመጨረሻ ጠላቱን አሸንፎ ጥያቄውን ይቀበለዋል። የታማኝነት ትርጉም እያንዳንዱን መሥመር መገልበጥ ከሆነ ፊልሙ ታማኝ አይደለም። የቀደሙት ደራስያን የጀመሩትን ክብር ወደ ፊት መግፋት ከሆነ ግን፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው ብንል አናፍርም።

ሁለተኛ፣ በመለወጡ የጐደለውን እንናገር። በሥዕል ታሪክ በአንዱ ሣጥንና በሚቀጥለው መካከል ባዶ ቦታ አለ። በመጀመሪያው ሣጥን ጦር ይወረወራል፤ በሁለተኛው ሰው ወድቋል። ጦሩ እንዴት እንደ በረረ፣ ሰውየው እንዴት እንደ ጮኸ ሠዓሊው አልሣለውም፤ በባዶው ቦታ የሚሠራው አንባቢው ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበብን ሁላችን እያንዳንዳችን የየራሳችን ግሥላ አለን። የሶዶው አንባቢና የቦምቤው አንባቢ የሚሰሙት የንጉሥ ድምፅ አንድ አይደለም። ሲኒማው ይህን ባዶ ቦታ ሁሉ ሞላው። ከሞላው በኋላም ዓይናችንን ጨፍነን የቀድሞውን ፊት ብንፈልግ የሚመጣልን የቦስማን ፊት ብቻ ነው።

ጊዜም ጠፍቷል። የማክግሬጎር ታሪክ በየሁለት ወሩ እየታተመ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። ንጉሡ ይቈስላል፤ ቍስሉን ይዞ በበረሃና በበረዶ ውስጥ ይሄዳል፤ አንባቢውም ይጠብቃል። መጠበቁም የታሪኩ ክፍል ነው። ፊልሙ 134 ደቂቃ ስለሆነ እንዲህ ያለው ድካም ሊኖረው አልቻለም። በመጨረሻው ውጊያ ላይ ሁለቱ ግሥላዎች በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ሲታገሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ጥላዎች መሆናቸው በግልጥ ይታያል። ከርቢ በወረቀት ላይ በእርሳስ የሣለው ቡጢ ከዚያ የበለጠ ይከብዳል።

ስለ ሚዛን ግን ያተረፍነውን ድምፅ መርሳት አይገባም። መጽሐፍ ዝም ያለ ነው። ፊልሙ የዋካንዳን ቋንቋ ከደቡብ አፍሪካው ከኮሳ ቋንቋ ወሰደ። ቋንቋው ወደ ታሪኩ የገባው የንጉሡን አባት ሆኖ በተጫወተው በደቡብ አፍሪካዊው በጆን ካኒ ምክንያት ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ሉድቪግ ጎራንሰን ወደ ሴኔጋል ሄዶ ከባባ ማል ጋር ተጉዟል፤ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ከዚያ አምጥቷል። ቦስማንም ንጉሡ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ አነጋገር እንዳይናገር አጥብቆ ይዟል፤ ቅኝ ያልተገዛ ንጉሥ የገዢ አነጋገር አይኖረውም ማለቱ ነው። ይህን ማንም ሠዓሊ በእርሳስ ሊሰጠን አይችልም ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ስለ ልብሱና ስለ ጌጡ ነው። የልብሱ አዘጋጅ ሩት ካርተር ናት፤ በዚህ ሥራ ኦስካር በማግኘት ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ናት። የልብሱን ሐሳብ ከመላው አፍሪካ ሰብስባለች። የድንበር ጠባቂዎቹ የሌሶቶን ብርድ ልብስ ይለብሳሉ። የንግሥቲቱ ቆብ የዙሉ ሴቶች ቆብ ነው። የሴት ወታደሮቹ የአንገት ቀለበት የንዴቤሌዎችን ይመስላል። በንጉሡ ሸንጎ ውስጥ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ አንዱ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ፣ በታችኛው ከንፈሩ ያንኑ የመሰለ አረንጓዴ ክብ ሸክላ አድርጎ ይታያል።

ፊልሙን በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ አብርተን ባየንበት ቀን ከክበቡ ውጭ የሆኑ ብዙ ተማሪዎችም ተገኝተው ነበር። ይህ ሽማግሌ በታየ ጊዜ ከኋላው ወንበር ትልቅ ሣቅ ተነሣ። የንግሥቲቱ ቆብ ሲታይ ማንም አልሣቀም፤ የሌሶቶው ብርድ ልብስ ሲታይም ማንም አልሣቀም። የተሣቀው በዚያ ሸክላ ላይ ብቻ ነው። ይህ ሣቅ ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ቀን አነጋገረን።

በከንፈር ሸክላ ማድረግ የሙርሲና የሱሪ ሕዝብ ሥርዓት ነውና። ሱሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ይኖራሉ። ሙርሲዎች በደቡብ ኦሞ ናቸው፤ ማለት ከእኛ ከወላይታዎች ጋር በአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ። የሌሶቶ ሰው ለእኛ እጅግ ሩቅ ነው፤ የሙርሲ ሰው ግን ወገናችን ነው። የሩቁን በአክብሮት አይቶ በቅርቡ መሣቅ ምን ይባላል? አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ያሉት ለዚህ ነው። አሜሪካዊቷ የልብስ አዘጋጅ ለንጉሥ ሸንጎ የሚገባ ጌጥ ብላ የመረጠችውን፣ በዚያው አገር የተወለደ ተማሪ እንደ ቀልድ አየው።

ይሁን እንጂ ፊልሙንም ያለ ነቀፋ አንተወውም። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ልጃገረዲቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከንፈርዋ ይበሳል፤ በመጀመሪያ ትንሽ እንጨት፣ ቀጥሎ እየሰፋ የሚሄድ ሸክላ ይደረግበታል። ሴትነትዋንና ክብርዋን የሚናገር ነው። ፊልሙ ይህን ወስዶ በወንድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ አኖረው። ዋካንዳ በሐሳብ የተፈጠረ አገር ስለሆነ እንደ ፈለገ ሊያደርግ ይችላል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ትርጉሙ የወደቀበት ጌጥ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህን ስሕተት ማን ሊያይ ይችላል? የኒውዮርክ ተመልካች አያየውም፤ የለንደን ሐያሲም አይቶት ይለፈው እንጂ አያርመውም። ሊያየው የሚችለው ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ መሣቁን መተው አለበት። ዛሬ ከእናንተ ፊት የቆምነው ይህን ለማለት ነው፤ ስለ እኛ በተሠራ ሥራ ላይ ፈራጅ ለመሆን የራስን ማወቅ ይቀድማል።

ሌላም ትዕይንት ይህንኑ ያጠናክርልናል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ኪልሞንገር በለንደን ሙዚየም ውስጥ ቆሞ የአፍሪካ ዕቃዎችን ይመለከታል። ጠባቂዋ ሴት ዕቃው አይሸጥም ስትለው፣ አያቶችሽ ገዝተውት መሰለሽ ወይ በሚል መንገድ ይመልስላታል። ለሌላው አገር ተመልካች ይህ የተፈጠረ ታሪክ ይሆናል። ለኢትዮጵያዊ ግን መቅደላ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ላይ የዘረፋቸው መጻሕፍት፣ ዘውዶችና ጽላቶች በለንደን ቀርተዋል። 11 ጽላቶች በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለማንም ሳይታዩ ተቀምጠዋል። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሌላው የለንደን ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው፣ ከመቅደላ የመጡትን ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ በውሰት ልስጣችሁ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የራስን ንብረት በውሰት መቀበል እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የመጽሐፉ ደራስያን እንኳ አላሰቡትም። በ2011 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን ፀጕር ለኢትዮጵያ መለሰ። ኪልሞንገር በዘረፋ ያገኘውን፣ አገራችን በትዕግሥትና በክርክር ማግኘት ጀምራለች።

ክቡራን ሆይ፤ አንዳንድ አባቶች ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው፤ የሚበርና ግድግዳ የሚወጣ ሰው ታሪክ ለተማሪ ምን ይረባል ይሉናል። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊቱን ሁሉ በስልክ ላይ አፍጥጦ የሒሳብ ፈተና የሚወድቅ ተማሪ መኖሩን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን አባቶቻችን ራሳቸው በምሽት እሳት ዳር ሲያጫውቱን ስለ ተራ ሰው ብቻ አልነገሩንም፤ ከሰው የበለጠ ኃይል ስላላቸው፣ ከአውሬ ጋር ስለሚነጋገሩ፣ ወንዝ ስለሚያቆሙ ሰዎችም ነግረውናል። ልጅ በዚያ ታሪክ ውስጥ ኃይል ለምን እንደሚሰጥ፣ ኃይል የተሰጠውም ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ይማራል። የግሥላውም ትምህርት ይኸው ነው።

ዋካንዳ እኮ ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በፊልሙ ንግሥና በፏፏቴ አፋፍ ላይ በትግል ይፈተናል። ያን ፏፏቴ ባየን ጊዜ ሁላችንም ያሰብነው አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበትን የአጆራን መንታ ፏፏቴ ነው። ዋካንዳ በማይታይ ግንብ የተከለለ ነው፤ በጎረቤታችን በዳውሮ ደግሞ የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ በተራራና በሸለቆ ላይ ተዘርግቶ እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። ዋካንዳ ንጉሥ አለው፤ ወላይታም ካዎ ነበረው። የመጨረሻው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግቶ ተሸንፎ ተማርኳል። የፈረንጅ ልዕለ ኃያል በመጨረሻው ገጽ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የእኛ ካዎ ግን ተሸንፎም በሕዝቡ ልብ ጀግና ነው። እንዲህ ያለውን ጀግና በሥዕል ለማሳየት ከቪብራኒየም የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። የሚያሳየውም ከባሕር ማዶ አይመጣም።

መንገዱ ግን ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ በስራት ደበበ የተባለው ኢትዮጵያዊ ደራሲ ኢታን ኮሚክስ በሚል ስም ጀምበር የተባለውን የኢትዮጵያ ልዕለ ኃያል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል በአዲስ አበባ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው። ከዚያም ሐዊ የተባለች ሴት ጀግና ተከተለች። በእነዚህ ገጾች ላይ ያየነው ደስታ ከግሥላው የተለየ ነው። ጀግናው ቋንቋችንን ይናገራል፤ የሚጨንቀውም የዙፋን ጥያቄ ሳይሆን ታላላቅ ወንድሞቻችንን ሁሉ የሚያስጨንቀው የሥራ ጥያቄ ነው። በእንዲህ ያለ ሥዕል ውስጥ አዲስ አበባ ከገባች፣ ሶዶና ቦምቤ የማይገቡበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ ሦስት ነገር እንለምናለን። ለመምህሮቻችን፣ ይህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ተማሪዎች ራሳቸው ለሚሥሉት የሥዕል ታሪክ ጥቂት ገጾች እንዲተውልን። ብዙ ወጪ አያስፈልገውም፤ እርሳስ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃል። ለአባቶችና ለእናቶች፣ ስለ ካዎ ጦና፣ ስለ ጊፋታ በዓል፣ ስለ ዱንጉዛ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መሥመር የምታውቁትን ለመጠየቅ ስንመጣ በራችሁን ክፍት እንድታደርጉልን። እናንተ ሳትነግሩን የምንሥለው ሁሉ ትርጉም የሌለው ጌጥ ይሆናል፤ ይህን ስሕተት በሌላው ላይ ነቅፈን በራሳችን ልንደግመው አንወድም።

ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ልመና ግን ከሁሉ ይቀልላል፤ ከሁሉም ይከብዳል። ክበባችን በሚቀጥለው ወር ያንን ፊልም እንደገና ያሳያል። ሁላችሁም እንድትመጡ እንጋብዛለን። ከማሳየታችን በፊት ከክበባችን ሁለት ተማሪዎች ስለ ሙርሲና ስለ ሱሪ ሕዝብ አኗኗር አጥንተው ለሩብ ሰዓት ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ይጠፋል፤ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰው ሽማግሌም በሸንጎው ውስጥ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ከኋላው ወንበር የሚሰማውን እናዳምጣለን።